የደምለው የጋራ ፎልደር

ደምለው በጠራራ ፀሐይ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። የቢቸና ከተማ ሰው «እግሩ ከድቶት ነው» አለ። ከሞጣ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሳቢራ ግን ሬሳውን አይታ አልተቀበለችውም። በግንባሩ ተደፍቶ የወደቀ ሰው፣ የተሰበረው ማጅራቱ ነበር።

ደምለው የጥንት ብራናዎችን ፎቶ እያነሳ በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። በቤቱ አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ይገናኛሉ፤ የእሱ፣ የሚስቱ የሰገነት፣ የታናሽ ወንድሙ የእዮብ፣ አብሮት የሚሠራው የአበልጁ የፍቅረ ሥላሴ። ፎቶዎቹም የግቢው በር ካሜራ የሚቀርጸውም በደምለው ኮምፒውተር ባለ አንድ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ በየኮምፒውተራቸው ሆነው ይከፍቱታል። የዚያን ቀን ቪዲዮ ግን ጠፍቷል።

ሦስቱም «ቤት አልነበርንም» አሉ። የከተማው ጣት የተቀሰረው በእዮብ ላይ ነው፤ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ነበርና።

«ቪዲዮውን አንተ ነህ ያጠፋኸው?» አለችው ሳቢራ።

«በምን አቅሜ? ከሰኞ ወዲህ እኮ ፎልደሩን ማየት እንጂ መንካት አልችልም። አንድ ፎቶ ልጨምር ብል ‹ፈቃድ የለህም› ይለኛል። በኩርፊያው መስሎኝ ነበር።»

ሰገነት ከለቅሶው ድንኳን ተጠርታ መጣች። ድምጿ ተዘግቷል።

«እኔንም ፎልደሩን እንዳልነካ ከልክሎኛል» አለች። «የአንድ ገዳም ፎቶዎች በስህተት አጥፍቼበት ነበር። ‹ሁሉ እንዳሻው የሚገባበት ቤት ባለቤት የለውም፤ ከእንግዲህ ታያላችሁ እንጂ አትነኩም› አለኝ።»

ፍቅረ ሥላሴ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ገባ።

«ፎልደሩ ለሁላችንም ክፍት ነው» አለ ገና ሳይጠየቅ። «የፈለገ ይጨምራል፣ የፈለገ ያጠፋል። ሰሞኑን እኔም ስሰርዝ ነበር። ይልቅ እዮብን ይጠይቁት።»

«ላፕቶፕዎን ሌላ ሰው ይከፍተዋል?»

«የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከእጄም አይወጣም።»

ሳቢራ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቪዲዮውን ያጠፋው ገዳዩ ነው፤ ሲገባ ተቀርጿልና። ከደምለው ኮምፒውተር አልጠፋም፤ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ በሟቹ ኪስ ነበር። ስለዚህ የጠፋው ከእናንተ ኮምፒውተሮች በአንዱ ነው። ሰገነትና እዮብ ማየት ብቻ እንደሚችሉ ነገሩኝ። ክፍሉን አስከፍቼ የፎልደሩን ፈቃድ አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። ማጥፋት የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ፍቅረ ሥላሴ ዞረች።

«እርስዎ ፎልደሩ መዘጋቱን እንኳ አላወቁም። ለእርስዎ ስላልተዘጋ! ደምለው ከሚስቱም ከወንድሙም አብልጦ ያመነው እርስዎን ነበር።»

ላፕቶፑ ከፍቅረ ሥላሴ ብብት ሾልኮ ወደቀ።

«ከገዳም የሰረቅሁትን ብራና ይዤ ስገባ አየኝ» አለ፣ ወለሉን እያየ። «‹ለአበምኔቱ ሳልናገር አላድርም› አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ደረጃውን ሲወርድ፣ ብራና የምናነሳበት ካሜራ ማቆሚያ ብረት እጄ ላይ ነበር...»

ሰገነት አልጮኸችም።

«ልጄን ክርስትና ያነሳኸው በዚህ እጅህ ነው?» አለችው።

ሳቢራ እጆቹን በካቴና አስራ ወደ ግቢው ስታወጣው፣ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች የሟቹን አበልጅ ሊያጽናኑ፣ ቦታ ሊለቁለትም ብድግ አሉ፤ እጆቹን እስኪያዩ ድረስ።