በዕድሜ ተራ የሚናገር ሬዲዮ

በጨረቃ ደቡብ ዋልታ የሰፈሩት ስልሳ ሦስት ሰዎች የሚነጋገሩት በአንድ የሬዲዮ መስመር ነበር። በረዶ ለመቁረጥ የወጣው፣ ሽንኩርት ከጓዳ የሚጠይቀው፣ ሐኪም የሚፈልገው ሁሉ እዚያችው መስመር ላይ ነው። ሁለት ሰው ባንዴ ከተናገረ ቃላቸው ይደበላለቅና ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ በየሰዉ ልብስ ላይ «ተራ ጠባቂ» የሚሏት፣ ጣት የምታህል መሣሪያ አለች። መጀመሪያ ታዳምጣለች፤ መስመሩ ጭር ካለ ባለቤቷ የተናገረውን ትልካለች። ከሌላ ድምፅ ጋር ከተጋጨች ቆም ብላ ትንሽ ትጠብቅና ያንኑ ቃል ደግማ ትልካለች።

የሠሯት መሐንዲሶች የመጠበቂያውን ጊዜ በዕጣ ነበር ያደረጉት፤ ለአንዱ ሦስት ሰከንድ፣ ለሌላው ሰባት፣ እንደ ዕድሉ። ይህ ለሬዲዮው ኃላፊ ለአቶ እንግዳወርቅ አልዋጥ አላቸው። «ሰው ሊናገር ሲል ቁማር ይጣላል እንዴ?» ብለው ዕጣውን አነሱና በትውልድ ቀን ተኩት። ታላቅ ጥቂት ይጠብቃል፣ ታናሽ ረዘም አድርጎ። ሽማግሌዎቹ መረቋቸው። ቅድሚያ የሚጠላ ሽማግሌ መቼም አልተፈጠረም።

አራት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ታዲያ ሰውየው የዘነጉት የገዛ ቤታቸውን ነበር። ትርሲትና ትዕግሥት የሚባሉ መንታ ሴት ልጆች አሏቸው፤ በአንድ ቀን የተወለዱ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ታርፍ ስለነበር እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ሁለቱም ውጭ ሆነው ባንዴ ተናግረው አያውቁም።

ያን ዕለት ሰው ጎድሎ አብረው ወጡ። ረፋዱ ላይ በረዶ የሚቆርጡበት ዋሻ ተናደና ለያያቸው። ዋሻው ዘጠኝ ቅርንጫፍ ዋሻዎች አሉት፤ የሰፈሩ ተሽከርካሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የት እንዳሉ ካልተናገሩ የሚያገኛቸው የለም። ሰፈሩ በሙሉ መስመሩን ለቀቀላቸው።

ጫጫታ መጣ። ጭር አለ። ከአምስት ሰከንድ በኋላ እንደገና ጫጫታ፣ እንደገና ጭር።

«ጋሼ፣ ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው?» አለች አቶ እንግዳወርቅ አጠገብ የቆመችው ሐኪም ዘነበች።

«አይደለም የኔ ልጅ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ድምፅ አያወጣም። ሁለቱም በሕይወት አሉ» አሏት። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። መንታዎቹ እኩል ይጠብቃሉ፤ እኩል ስለሚጠብቁ እኩል ይነሳሉ፣ ይጋጫሉ። ይህን ያደረጉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ክፍተት ጠብቀው «ልጆቼ፣ አባታችሁ ነኝ። አንዳችሁ ዝም ትበልና ሌላዋ ትናገር» አሉ።

ሁለቱም ዝም አሉ። እያንዳንዷ ለእኅቷ ለቀቀች። ያ ዝምታ ከጫጫታው ይብስ ነበር። አንድ ደቂቃ ሙሉ አለፈ፤ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ጀመሩ። ጫጫታ።

«አንዷን በስሟ ይጥሯት» አለች ዘነበች።

አፋቸውን ከፈቱ፤ ስም አልወጣም። ተሽከርካሪው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተጠራችው ነው። አባት ከሁለት ልጆቹ የትኛዋን ይጠራል? ሌላ ክፍተት ጠብቀው፣ አራት ዓመት የናቁትን ዕጣ በሬዲዮው ትእዛዝ ወደ ልጆቻቸው መሣሪያ መለሱት።

ጫጫታው አንድ ጊዜ መጣ። ቀጥሎ አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አባዬ፣ ትርሲት ነኝ። አራተኛው ዋሻ ውስጥ ነኝ። የአርባ ደቂቃ አየር አለኝ። ትዕግሥትን አስቀድሙልኝ።»

ጥቂት ቆይቶ ሌላው ተከተለ።

«አባዬ፣ ትዕግሥት ነኝ። ሰባተኛው ዋሻ ውስጥ ነኝ። የሃያ አምስት ደቂቃ አየር አለኝ። ትርሲትን አስቀድሙልኝ።»

ተራ ጠባቂ የተሠራችው ሰው ሁሉ መቅደም ስለሚፈልግ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ሲጋጩ የቆዩት እኅቴ ትቅደም ለማለት ነበር። ዘነበች ፊቷን አዞረች። አቶ እንግዳወርቅ አላዞሩም፤ እያለቀሱ ተሽከርካሪውን ወደ ሰባተኛው ዋሻ፣ ከዚያም ወደ አራተኛው መሩት። ሁለቱም ልጆች ከንፈራቸው ደርቆ፣ ግን በደኅና ገቡ።

በማግስቱ የሰፈሩ መሣሪያዎች ሁሉ ወደ ዕጣ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ አኮረፉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አቶ ጓንጉል ሬዲዮ ክፍሉ ድረስ መጥተው «እንግዲህ የትናንት ልጅ ሊቀድመኝ ነው?» አሉ።

አቶ እንግዳወርቅ አልተከራከሩም። የተቀዳውን ጫጫታ ከፈቱላቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልጆቼ ናቸው። እኅቴን አስቀድሙ፣ እኅቴን አስቀድሙ እያሉኝ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ብለውኛል፤ እኔ ግን አልሰማሁም።»

አቶ ጓንጉል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጫጫታውን እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ።