ከሁለት ቁጥር የመጣው ጥሪ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ቢያንስ እስከዚያ አርብ ድረስ አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ያደግኩት አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው፣ አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ገበሬ ነው፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ወንዝ ዳር ስለታየ ጥላ፣ ሰውን በስሙ ስለሚጣራ ድምፅ ሲያወራ እሱ «ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው» ብሎ ተነስቶ ይተኛ ነበር፣ እኔም በዚህ በዚህ የወጣሁት በእሱ ነው። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ፊት ለፊቱ ባልስቅ እንኳ ዞር ብዬ እስቅ ነበር።

ስንዱ እባላለሁ፣ አሶሳ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ኮምፒውተር ሲደርቅ፣ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት የምጠራው እኔ ነኝ፣ ጉራ አይምሰላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። ገመድ አልባው ስልክ የመጣ ጊዜም ከካርቶኑ አውጥቼ የገጣጠምኩት፣ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ስልኩ ቀላል ነው። መብራትና የስልክ መስመር የሚገባበት አንድ ማስቀመጫ አለው፣ እሱ የተቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከእሱ ጋር የሚገናኙ ሁለት እጀታዎች አሉት፣ አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር እንላቸዋለን። አረንጓዴውን ተጭኖ ማንሳት፣ ቀዩን ተጭኖ መዝጋት ነው። ከውጭ የደወለ ሰው ሌላ ክፍል ያለ ሠራተኛ ከፈለገ ኢንተርኮም የምትለዋን ቁልፍ መጫን፣ ቀጥሎ የሌላኛውን እጀታ ቁጥር መንካት፣ «እገሌ ይፈልግዎታል» ማለት፣ ከዚያ በቀዩ መውጣት፣ መስመሩ ራሱ ይሻገራል። እጀታው የት እንደተጣለ ከጠፋ ደግሞ ማስቀመጫው ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ ጫን ማድረግ ነው፣ ከተደበቀበት ሆኖ ይጮኻል። ይኸው ነው፣ ሕፃን ይችለዋል።

አቶ ሐሚድ ግን አልቻሉም። አቶ ሐሚድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናቸው፣ የሆሞሻ ሰው፣ በብሔራቸው በርታ፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ከግቢው ማዶ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከፋይል ጋር ሲነጋገሩ የሚውሉ ሽማግሌ። ሁለት ቁጥሩ የተሰጠው ለእሳቸው ነው፣ አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር ግቢውን እንዳይመላለሱ ብዬ፣ አንድ ሳምንት ሙሉም አስተማርኳቸው። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም አንድ ቀን «አንቺ» ቢሉኝ የተቆጡ ነው የሚመስለኝ።

«ስንዱ፣ አንተ ጎበዝ ነህ ወላሂ» አሉኝ አንዴ፣ እጀታውን በሁለት እጃቸው እንደ ጫጩት ይዘው፣ «ግን ይሄ ገመድ የለውም። ገመድ የሌለው ነገር ማን ጋ እንደሄደ በምን ይታወቃል?»

«በአየር ላይ ነው የሚሄደው፣ አቶ ሐሚድ።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ» አሉ፣ «አየር ላይ ስንት ነገር አለ።»

ሳቅሁ። ያኔ የሚያስቅ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ የሁለት ቁጥሩ ባትሪዎች ቻርጅ መያዝ እምቢ አሉ። ሁለት ቀጫጭን ድንጋዮች ናቸው፣ የጀርባውን ክዳን ገፋ አድርጌ አወጣኋቸው፣ ለናሙና እንዲሆኑ ከግዥ መጠየቂያው ጋር በፖስታ አሽጌ ለግዥ ሠራተኛው ሰጠሁ፣ ባዶውን እጀታ ደግሞ እኔው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እመኑኝ፣ ይህን በገዛ እጄ ነው ያደረግኩት፣ ሰው ነገረኝ አላልኩም።

ነሐሴ ላይ ነው፣ አርብ፣ የምሳ ሰዓት። አርብ አርብ አቶ ሐሚድ አምስት ሰዓት ተኩል ሲል መዝገብ ቤቱን ቆልፈው፣ ቁልፉን እኔ ጋ አስቀምጠው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ግን ቁልፉን ያመጣችልኝ ጫልቱ ናት፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ የባምባሲ ልጅ፣ ሥራ የማትንቅ፣ አፏም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት።

«ስንዱዬ፣ ሽማግሌው ዛሬ ሳይቆልፉ ሄደዋል» አለችኝ፣ «ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት። ብጣራ መልስ የለም። ቆለፍኩት።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ልብ በሉ፣ ደግ አደረግሽ ነው ያልኳት።

ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። እኔ ከቶንጎ ከተማ በስልክ የሚነገረኝ ሪፖርት እየጠበቅኩ ስለነበር ምሳ ዕቃዬን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩ፣ ጫልቱም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አብረን መብላት ጀመርን። ሰማዩ ጠቁሯል እንጂ ገና አልዘነበም፣ ግቢው ደረቅ ነበር፣ ከዋናው መንገድ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም።

ስልኩ ጮኸ። ከውጭ ሲደወል ረዘም አድርጎ ነው የሚጮኸው፣ ከእጀታ ወደ እጀታ ሲሆን ግን ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ነው፣ ይሄ ያ አጭሩ ነበር። የእጀታዬን ትንሿን መስኮት ሳያት «2» ትላለች።

«ከቶንጎ ነው?» አለችኝ ጫልቱ።

«አይ፣ ሁለት ቁጥር ነው» አልኳት ሳላስበው፣ አረንጓዴውን ተጫንኩ።

የሚናገር ሰው የለም። የሚሰማው ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፣ አቧራው እንኳ አልራሰም። መስመር ተበላሽቶ ሲያንሿሿ እንዲህ ይመስላል ብዬ በቀዩ ዘጋሁት፣ እንጀራዬን ጠቀለልኩ፣ ሁለት ጉርሻ ሳልበላ ደገመ።

አሁንም «2»። ዝናቡ አለ፣ ከዝናቡ ስር ደግሞ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ሰው ፋይል ተንተርሶ ጭንቅላቱን የሚያገላብጥ ይመስል። ሁለት ቁጥሩ የት እንዳለ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ዘጋሁና መሳቢያዬን ሳብኩ፣ አለ። ገልብጬ አየሁት፣ የድንጋዮቹ ቦታ ባዶ ነው፣ የእጀታው መስኮት ጨለማ ነው። እኔ እንዲህ ሲሆን የምጮኽ ሰው አይደለሁም፣ ነገር ሲበላሽ ከየት እንደተበላሸ ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ ማስቀመጫው ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ ተጫንኩ። አንድ ቁጥሩ ጮኸ፣ ሁለት ቁጥሩ ዝም። እንደሚገባው።

«ሰው እየቀለደብን ነው» አለች ጫልቱ፣ መብላቷን አቁማለች።

«በምን ይቀልዳል? ስልኩ ይኸው እጄ ላይ።»

ሦስተኛው ጥሪ የመጣው ሁለት ቁጥሩን በግራ እጄ እንደያዝኩ ነው። በቀኜ አንድ ቁጥሩን አነሳሁ፣ ብቻዬን ሰማሁ እንዳይባል ድምፅ ማጉያዋን ተጫንኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዝናቡ ክፍሉን ሞላው። ቀጥሎ የአቶ ሐሚድ ድምፅ መጣ፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ድምፅ።

«ስንዱ» አለ፣ «በሩን ክፈቺልኝ።»

መስመሩ ተዘጋ።

«ያ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠራች ጫልቱ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ሽማግሌው ናቸው። ውስጥ ነበሩ እንዴ?»

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። «ክፈቺልኝ» ነው ያለው። አቶ ሐሚድ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን «ክፈቺ» ብለውኝ አያውቁም። ድምፁ የእሳቸው ነው፣ በዚህ እምላለሁ፣ አነጋገሩ ግን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። ሮጥኩ አልልም፣ ግን አንድ ጫማዬን በኋላ ያገኘሁት ግቢው መሃል ነው። ጓጉንቸሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም፣ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አለፍኩና ከመጨረሻው ጀርባ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ጭንቅላታቸው የተበተኑ ፋይሎች ላይ ነው፣ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ ዓይናቸው በግማሽ ተከፍቷል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳር እንዳለባቸው እናውቃለን፣ በኋላ እንደሰማነው ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው እህል ሳይቀምሱ ነበር የመጡት። ተንበርክኬ ጭንቅላታቸውን ቀና ሳደርግ ከስሩ ያለው ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣ በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ በአንዴ፣ ሙሉ በሙሉ።

ይሄንኑ ድምፅ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የሰማሁት። የሚመስለውን አላልኩም፣ ይሄንኑ ነው ያልኩት።

ጫልቱ ጥበቃውን ይዛ መጣች፣ ለሦስት ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናቸው፣ ሆስፒታል ስንደርስ ግሉኮስ ሰኩላቸው። ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደወደቁ ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልኩት። «የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ብትቆዩ ኖሮ ያመጣችኋቸው ለሌላ ነገር ነበር» አለኝ። ጫልቱ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ።»

«ደግ አደረግሽ ያልኩሽም እኔ ነኝ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሆስፒታል ከመሄዴ በፊት፣ ሁለት ቁጥሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ገበያው አጠገብ ወደሚሠራ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ፣ መልስ ሳላገኝ መቀመጥ አልወድም። ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ መብራት ላይ አገላበጠው።

«ማስቀመጫው ተሳስቶ ሁለት ብሎ ሊያሳይሽ ይችላል» አለኝ።

«ይሁን። ድምፁስ?»

«ድምፅ የሚመጣው ከእጀታው ነው፣ እጀታው ደግሞ ያለ ድንጋይ ፕላስቲክ ነው።»

«እኮ፣ ድምፁስ?»

መልሶ ገጠመና በእጄ አስያዘኝ። «እህቴ፣ ሌላ የሚሠራ ነገር ካለሽ ልሥራልሽ» አለኝ፣ አላስከፈለኝም።

አቶ ሐሚድ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ፊታቸው ተመልሷል። የያዝኩትን ምግብ አስቀምጬ ሳልቀመጥ እጄን ያዙኝ።

«አላህ ይስጥህ ስንዱ። አንተ ባታወራ ኖሮ እኔ ተኝቼ ቀርቻለሁ።»

«ምን አወራሁ?»

«በስልኩ ነዋ። አትተኛ፣ አትተኛ፣ መጣሁ፣ እያልክ። ግን በርታኛ እንዲህ እንደምታውቅ ለምን ደበቅከኝ? የሆሞሻ ሰው ነው የምትመስለው ወላሂ።»

እኔ በርታኛ ከሰላምታ አላልፍም፣ እሷንም እየሳቁብኝ ነው የምላት። ቀስ ብዬ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«አቶ ሐሚድ፣ ስልኩ እኮ እርስዎ ጋ የለም። ሐምሌ ላይ ወስጄዋለሁ፣ ትዝ አይልዎትም?»

አሰቡ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «እጄ ላይ ነበር» አሉ፣ «ሙቅ ነበር።»

«እርስዎስ? በሩን ክፈቺልኝ አላሉኝም?»

«እኔ ምንም አላልኩ። አፌ መች እሺ አለ? መስማት ብቻ ነው የቻልኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፣ አትቆጣ። በሩን ከፈትክ፣ መጣህ፣ ጭንቅላቴን ያዝክ። ፊትህን አየሁ። አፍህ ዝም ብሏል። ስልኩ ግን ገና ያወራል፣ በአንተ ድምፅ። እሱ ማን ነው?»

ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ከፈትኩላቸው፣ በሉ፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላ አወራን።

አሁን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ድንጋዮቹ ተገዙ፣ ሁለት ቁጥሩ በደንብ ይሠራል፣ እኔም አልተለወጥኩም፣ የዚያን ስልክ ቁልፎች ዛሬም ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ሲደወልም በመጀመሪያው ጩኸት ነው የማነሳው። አቶ ሐሚድ ግን እጀታውን አልቀበልም አሉ፣ አንዲት የፋይል ቁጥር ለመጠየቅ በዝናብ ግቢውን ተሻግረው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አንድ ፋይል ሊወስዱ መጡ፣ ብቻችንን ነበርን፣ እኔም ሳላስበው ጠየቅኳቸው።

«አቶ ሐሚድ፣ እኔ ከገባሁ በኋላ ስልኩ ሲያወራ ነበር ብለውኛል። ምን ነበር የሚለው?»

ፋይሉን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ብብታቸው ስር አደረጉት።

«ለእኔ አይደለም የተባለው» አሉ፣ «ለአንተ ነው። ግን ቀኑ ገና ነው።»

ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።