ሞቼ እገኛለሁ

«ሞቼ እገኛለሁ አልኩህ» አለ አባቷ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ከጓደኛው ከውድነህ ጋር በስልክ ሲያወራ።

ሊዲ ላፕቶፑ ፊት ደርቃ ቀረች። አባቷ ለገሠ በመንግሥት ቢሮ የንግድ ፈቃድ ጠያቂዎችን ያስተናግዳል። መሥሪያ ቤቱ ስለ ሥራ ጭንቀትና ጥቃት መከላከል ያዘዘውን የኦንላይን ሥልጠና ዛሬ መጨረስ አለበት፤ ረጅም እንግሊዝኛ ስለሚያደክመው እሷ ታነብለታለች። አሁን ያነበበችው፣ ስለ መሞት የሚያወራ ሰው ሲያጋጥም በቀጥታ መጠየቅ እንደሚገባ ይናገራል።

አባቷ ሰሞኑን እራት አይበላም። ከሥራ ሲወጣም ቢሮው ፊት ካለው ፌርማታ አይሳፈርም፤ ኢስት ኮልፋክስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና በእግሩ ተጉዞ፣ ራቅ ካለ ፌርማታ 15 ቁጥር አውቶቡስን ይይዛል። «ዎክ ማድረግ ለጤና ጥሩ ነው» ይላል። በረዶ ሲጥልም እንዲሁ ነው።

እስኪገባ ጠበቀችው።

«ዳዲ፣ ልትሞት ነው እንዴ?»

«ምን?»

«ለጋሽ ውድነህ ሞቼ እገኛለሁ ስትለው ሰማሁ።»

ለገሠ ሳቀ። «አንቺ ፈረንጅ! አባባል እኮ ነው። እንግዳ አልበላም ሲል ‹ሞቼ እገኛለሁ› ብለን እንለምነው የለ? ውድነህ በመኪና ካልወሰድኩህ ብሎ ቢያስቸግረኝ፣ አትምጣ ብዬ ለመንኩት። ከሰፈሩ ከፓርክ ሂል ድረስ ምን አንከራተተው?»

ሊዲም ልትስቅ ነበር። «ከየት ነው የሚወስድህ?»

«ከሥራ።»

«ዋይ? ባስ አለልህ እኮ።»

ሳቁ ጠፋ። «ቀጥይ፣ አንብቢ።»

የሚቀጥለው ጥያቄ በሥራው ላይ ማስፈራሪያ ደርሶበት እንደሆነ ይጠይቃል። በአማርኛ ነገረችው።

«ኖ በይው» አለ ቶሎ።

«ማነው ያስፈራራህ?»

«ማንም። ፈቃድ የተከለከለ አንድ ሰውዬ ነው። ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ‹ቤትህን አገኘዋለሁ› ይለኛል። እስካሁን አልነካኝም። አለቃዬ ከሰማች ሥራውን አልቻልከውም ትለኛለች። ኖ በይውና ጨርሺ።»

ሊዲ ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው።

«እኔ ኖ አልልም። ራስህ ተጫነው።»

ከዚያ የአባቷን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና መጨረሻ ወዳወራበት ቁጥር ደወለች።

«ጋሽ ውድነህ፣ ሊዲ ነኝ። ነገ ይምጡና ዳዲን ይውሰዱት።» አባቷን አየችው። «ካልመጡ ሞቼ እገኛለሁ።»

ለገሠ አልሳቀም። መነጽሩን አደረገና ጥያቄውን እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱ ማንበብ ጀመረ።