የጠዳዋ ከሳሽ

በ፲፰፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፥ ኅዳር ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከአዘዞ በታች በሚገኘው በጠዳ ሜዳ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ፥ አውድማውም በእበት ተለቅልቆ ደርቆ ነበር፤ ገበሬው ግን ውቂያውን እያቋረጠ መንገድ መንገዱን ያያል። የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ያልፋል ተብሎ ተወርቷልና፤ ሠራዊት ካለፈ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ደግሞ ለበጌምድር ሰው ነጋሪ አያሻውም።

በዚያ ሜዳ እመት የትነበርሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሰውአገኝ ንጉሡን ገና በቋራ በረሃ ሳሉ ተከትሎ፥ በጦርነት የሞተ ሰው ነው፤ ለእርሷ የቀረላት ቦራ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ሲሆን፥ እርሱንም ከጎረቤቷ ከአያ ማሩ በሬ ጋር እያቀናጀች ታሳርስ ነበር። ቦራ ከሄደ የሁለት ቤት እርሻ ቆመ ማለት ነው። ንጉሡንም እንዲያው በዋዛ አልወደደቻቸውም፤ በነገሡ ሰሞን ወታደር በደመወዙ እንዲኖር፥ የገበሬውንም ከብት እንዳይነካ ሲታወጅ ገበያ መካከል ቆማ በጆሮዋ ሰምታ፥ ባሌ በከንቱ አልሞተም ብላ እልል ያለች ናት። እንዲህ ያለ ሰው ሲከፋው አያድርስ ነው።

አንድ ቀን ከዚሁ ሠራዊት አስናቀው የሚባል የሃምሳ አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ወደ አውድማው ገባና ቦራን ከውቂያው አስነዳ። የትነበርሽ መንሹን ጥላ ከፊቱ ቆመች።

«በቴዎድሮስ አምላክ! ይቁሙ ጌታው።»

በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው፥ ሹምም ቢሆን፥ ዳኛ ሳያይ ወዴትም አይሄድም፤ ከሄደ ንጉሡን ንቋል። አስናቀው እየተበሳጨ ቆመ። እርሷም የኩታውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፥ ቋጠሮውን በጉልበት የበጠሰም ተረታ ይባላል። አያ ማሩ ደንግጦ ጠጋ አለና፥ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽምን እያለ ለመናት።

«ንጉሥን መች ከሰስሁ አያ ማሩ፤ ዋስ ጠራኋቸው እንጂ» ብላ ዳኛው ወዳለበት ወደ ጎንደር መንገዷን ጀመረች።

አስናቀው ክፉ ሰው አልነበረም። የደንቢያ ገበሬ ልጅ መሆኑን፥ ደመወዝ ካየ መክረሙን፥ ባልንጀሮቹ እየከዱ ጦሩ መሳሳቱን መንገድ ለመንገድ አጫወታት፤ የራበው ወታደር አዋጅ አይበላም አላት። እርሷም ከጉያዋ ቆሎ ዘግና ሰጠችው፤ ለራበው ቆሎ እንጂ በሬ አይሰጥም ብላም ቀለደችበት። ዓይኗ ግን ቦራን ከሚስበው ወታደር እጅ አልተነሣም።

ቀሐ ወንዝ ሲደርሱ የጎንደር ሰማይ በጭስ ጠቁሮ አገኙት። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፥ ጨርቁን ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል። መምህር ወልደኢየሱስ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ፥ ጢማቸው በእሳት ተለብልቦ፥ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፥ ከወንዙ ዳር ቆመው ነበር፤ የሆነውንም ነገሯቸው። ከተማዪቱ እንድትዘረፍ ያዘዙት ራሳቸው ንጉሡ ናቸው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እየነደዱ ነው፤ መጻሕፍቱ በአጋሰስ ተጭነዋል፤ ዳኛውም ሸሽቷል።

አስናቀው ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«እንግዲህ በማን አምላክ ልታቆሚኝ ነው?»

የትነበርሽ ወደ ጭሱ ቀና ብላ አየች። ሰውአገኝ ዳግመኛ የሞተባት መሰላት፤ ያን ቀን ገበያ መካከል ያሰማችው እልልታ አሳፈራት። ቢሆንም የነጠላዋን ጫፍ አልለቀቀችም።

«በዚያው በእርሳቸው አምላክ» አለች። «እርሳቸው ቃላቸውን ቢተዉት እኔ አልተውሁትም፤ ባሌ የሞተበት ነው።»

ዳኛ ሲጠፋ መንገደኛ እንዲዳኝ የአገር ልማድ ነውና፥ ወደ መምህር ወልደኢየሱስ ዞራ ፍረዱኝ አለቻቸው። ሽማግሌው ተቆጡ፤ ደብሬ እየነደደ፥ ደግሞስ በዚህ ሰው አዋጅ እኔ ልፍረድ? ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

«መምህር፥ ከተማውን እርሳቸው አቃጠሉት፤ ሕጉን ደግሞ እኛ እናቃጥልላቸው?»

መምህር ወልደኢየሱስ ፊታቸውን መለሱ። ከዚያም ከወንዙ ዳር ዋርካ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ስደተኛውም ሸክሙን እያወረደ ከበባቸው። አይ ጉድ፤ ቤቱ የተዘረፈ ሁሉ ለአንድ በሬ ሸንጎ ተቀመጠ። ሽማግሌው የሁለቱንም ቃል ሰምተው ተነሡ፤ በአፄ ቴዎድሮስ አዋጅ በሬው የእርሷ ነው ብለው ፈረዱ።

አስናቀው እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ። ሕዝቡ ባዶ እጁን ነው፤ ነገር ግን ከቆመበት ንቅንቅ ያለ የለም። ይህን ጊዜ የቦራን ገመድ የያዘው ወታደር ገመዱን መሬት ላይ ጣለው። አስናቀውም እጁን ከጎራዴው መልሶ፥ በመንገድ የጠበቀውን ቋጠሮ በገዛ ጣቶቹ ሲታገል ቆይቶ ፈታው።

«እመት፥ ነገ ሌላ ይመጣል» አላት ቀስ ብሎ። «እርሱን አትቋጥሪው፤ ይገድልሻል።»

«ነጠላዬ አራት ጫፍ አለው» አለችውና ቦራን እየነዳች ወደ ጠዳ ተመለሰች።

የዘመኑ ጸሐፊዎች ንጉሡ ጎንደርን እንዳቃጠሉ ጻፉ፤ እውነት ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡትም የተበታተነች አገር ሊሰበስቡ፥ ሠራዊቱን በሥርዓት ሊያቆሙ የተነሡ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ ብለው ጻፉ፤ ይህም እውነት ነው። ስለ ቀሐው ሸንጎ ግን የጻፈ የለም፤ ሊጽፍ የሚችለውም ቀለሙና ብራናው ተቃጥሎበት ነበር። በዚያ ቀን በጎንደር ምድር የንጉሡን አዋጅ ያከበሩላቸው፥ እርሳቸው ያዘረፏቸው ሰዎች ነበሩ።