ግማሿ ፍሬት

ሆባርት ስቲልትነር በሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የፈነከተው የገዛ መዶሻው ነው። በእኛ በኬንተኪ ተራሮች እንደሱ ዳልስመር የሚሠራ አልነበረም፤ እንደሱ ግትርም አልነበረም። ጭናችን ላይ አጋድመን በምንመታው በዚህ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አንገት ላይ ድምፅ የሚለዩ፣ ፍሬት የሚባሉ አግዳሚ ሽቦዎች አሉ፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፍሬት መካከል አንዲት ትርፍ ሽቦ ትከልልን ያሉትን ሁሉ ከበረንዳው አባሯል። የገዛ ልጁን ቨርሊን ጭምር። ያቺ ግማሽ ፍሬት ከሌለች የምትወደው ዜማ አይወጣላትም። እሱ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «አባቴ ያልሠራውን አልሠራም» እያለ ኖረ።

ስለዚህ መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። በዋዜማው አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል፤ ገዳይዋ እሷው ናት ተባለ። በእኛ ሸለቆ ሰው ለመኮነን ዳኛ አይጠበቅም።

ሸሪፍ ዋይሊ ኮምስ ግን ሬሳውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን አዲስ ዳልስመር ሲያይ ቆየ። የመሣሪያው አንገት ላይ ደም ተረጭቷል። በጣቱ ዳሰሰው፤ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ቨርሊን፣ መሣሪያውን ያዘዘውን የከተማ ሰው ፕሬስተንን፣ ከሟቹ ጋር አብሮ የሚሠራውን ታናሽ ወንድሙን ኢኖክን እዚያው አስጠራ።

ፕሬስተን ያዘዘው ግማሿ ፍሬት ያለችበትን እንደሆነ፣ ትናንትም ተተክላ በዓይኑ እንዳያት ተናገረ። ኢኖክ ሳቀበት።

«ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» አለ። «ይኸው እንጨቱ፤ የታለች?»

«አሁንማ የለችም» አለ ሸሪፉ። «ደሙ ሁሉም ቦታ አለ፤ ከስድስተኛው እስከ ሰባተኛው ብቻ የለም። እዚያ ሽቦ ተነቅሏል። ስንጥቁ በሙጫና በእንጨት ብናኝ ተደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ይህ የተሠራው ደሙ ከተረጨ በኋላ ነው።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

«ፕሬስተን ያዘዘውን አይነቅልም። ቨርሊ ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችውን አትነቅልም። ወንድሙ እግሩ ሥር እየደማ ቁጭ ብሎ እንጨት የሚያክም፣ ያቺን ሽቦ አይቶ መታገሥ የማይችል ሰው ብቻ ነው። እስቲ ጥፍሮችህን አሳየኝ፣ ኢኖክ።»

ሙጫው ጥፍሮቹ ሥር ደርቆ ነበር። ኢኖክ እጁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«አባታችንን አዋረደው» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ። ዳልስመሩ ግን አሁን ትክክል ነው።»

ካቴናው ከገባለት በኋላ ሸሪፉ ወደ ቨርሊ ዞሮ ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን የምታየው ፕሬስተንን ነበር።

«ስንቴ ለመንከው?» አለችው።

«አንዴ ነው የጠየቅኩት» አለ ሰውየው፣ የጥያቄዋ ነገር ሳይገባው። «ወዲያው እሺ አለኝ።»

ቨርሊ አባቷ የወደቀበትን ወለል አየች።

«ይህን ከምሰማ» አለች፣ «እኔው ገድዬው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»