አጎቴ የተለካበት ሸምበቆ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያወሩልኝ ከትከት ብዬ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ጅን ነው ምን ነው ሲሉኝ «ሥራ ፈታችሁ!» ባይ። የኔ ሥራ የሞት ምዝገባ ነው፣ ከተማችን ቆቦ እየሰፋች ስለሄደች በየትኛው ሰፈር ሞት እንደሚበዛ ይጠና ተብሎ። ወላሂ ግን ልደት እንጂ ሞት ሊያስመዘግብ የሚመጣ የለም! ስለዚህ የቅሬው፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ ነው የምመዘግበው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጥሩንባው ተነፋ፣ ተከትሎም «የማሽላ ነጋዴው ሰይድ አርፏል፣ ቅሬ ውጣ!» የሚል ድምፅ። ያሳደገኝ አጎቴ! ሻሼን ሳላስተካክል፣ እሪ እያልኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ስደርስ አጎቴ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል።

«ማን ሞቶ ነው?» አይለኝም!

«አንተ ነሃ!»

«ታዲያ ምሳዬን ልጨርስ?» አለ፣ ግቢው በለቀስተኛ እየሞላ።

ጥሩንባ ነፊው ሲጠየቅ ከሮቢት ገና መመለሱ ነው፣ ጥሩንባውም ቤቱ ተቆልፎበት ነው የዋለው። ሁላችንም ግን ሰምተናል፣ እመኑኝ።

አጎቴ «መቃብሬን ካላየሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ሴት መቃብር አትሄድም ቢሉኝም «ሥራዬ ነው» ብዬ ተከተልኩት። ቆፋሪዎቹ ሲያዩት አካፋቸውን ጣሉ። እኛ ዘንድ ሟች በሸምበቆ ይለካና ልኩ ለቆፋሪ ይላካል፣ ያ ሸምበቆ አፈሩ ላይ ተጋድሟል።

«ልኩን ማን አመጣላችሁ?»

«ስንመጣ እዚሁ አገኘነው፣ አያ ሰይድ፣ አፉ ይበሉን!»

አጎቴ ሸምበቆውን አንስቶ ከጎኑ አቆመው፣ ከአናቱ ጋር እኩል። «ጉድጓዱ ማሽላ ይግባበት፣ እኔ ገና ነኝ!» ብሎ ሳቀ። ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ እየተሳሳቅን በላነው፣ ሸምበቆውንም አጎቴ «የኔ ነው» ብሎ ቤቱ ወሰደው። አለቃዬ «ሬሳ ከሌለ ስሙን ከመዝገቡ ሰርዢው» አለኝ፣ ሰረዝኩ።

ያለፈው ጁምዓ ልጠይቀው ሄድኩ። ሸምበቆውን ከጥግ አነሳና «ሰዓዳ፣ ይሄ ነገር አጠረብኝ እኮ፣ አገጬ ላይ ቀረ» አለኝ።

«ሲደርቅ ይሆናላ!»

«ይህን ያህል?» ብሎ እየሳቀ ከጎኔ አቆመው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እጄን አናቴ ላይ አድርጌ ወደ ጎን ሳንሸራትተው የሸምበቆውን ጫፍ ነካሁት፣ ከአናቴ ጋር እኩል።

አጎቴ ሸምበቆውን ጉልበቱ ላይ ሰበረና እሳት ውስጥ ጨመረው።

ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። ጥሩንባ ሲነፋ ግን እንደ ድሮው አልሮጥም፣ መጀመሪያ ቆሜ የማን ስም እንደሚጠራ እጠብቃለሁ።