የሚያስተጋባው ሳሎን

«እስቲ አጨብጭቢ» አለቻት ጓደኛዋ፣ ሙጫ የነካውን ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች።

ልጅቷ አጨበጨበች። ሳሎኑ ጭብጨባዋን ተቀብሎ እንደ ቆርቆሮ አንቃጨለው። አንዱን ግድግዳ ሙሉ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ሲለጥፉ ውለው፣ ልፋታቸውን ውሃ በላው።

ወደዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ የአባቷ ሙዚቃ ጣዕም አጥቷል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፤ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ልብስ ሰፊው አባቷ ግን ጥፋቱን በራሱ ጆሮ አሳብቦ፣ «አርጅቻለሁ» ብሎ ስፒከሮቹን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቷል። ወንድሙም ነገ በመኪናው ሊወስዳቸው ይመጣል። አባቷ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ውሎ ሲመጣ የሚያሳርፈው ሙዚቃ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ አንጀቷን በልቷታል።

«አቦ፣ ተሻሽሏል በይው!» አለች ጓደኛዋ። «ማን ይነቃብሻል?»

አባቷ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ሳቁ አመለጠው። «ዶሮዎቹስ የት አሉ?»

ቁጭ ብሎ የሚወደውን ዘፈን ከፈተ። ገና አዝማቹ ሳይደርስ አጠፋው። «በጣም ተሻሽሏል፣ የኔ ልጅ!»

ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ በቃ፣ ተገላገልሽ ማለቷ ነው። ልጅቷ ግን አባቷ ለእሷ ብሎ ሲዋሽ ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

«አልተሻለም፣ አባዬ። ጆሮህ ደህና ነው፤ ችግሩ ቤቱ ነው። ወፍራም ነገር እንደሚያስፈልግ አንብቤ ነበር፤ ካርቶኑ ስለቀለለኝ ነው የለጠፍኩት።»

አባቷ ራሱን አከከ። «ወፍራም ስትይ... እንደ ጨርቅ ቁርጥራጭ?»

ከሱቁ ቁርጥራጭ የሞላበት ጆንያና ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት መጣ። ቁርጥራጩን እንደ ትንንሽ ፍራሽ ሰፉት። ከዚያ አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጓደኛሞቹ መስታወቱን በግድግዳው ላይ አንሸራተቱ።

«ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ ሲታይህ ንገረን» አለች ልጅቷ። «ድምፁ ነጥሮ የሚመጣብህ ከዚያ ነው።»

በግራ በኩል ካርቶኑን ገንጥለው አንዱን ፍራሽ ሰቀሉ። በቀኝ በኩል አባቷ «እዚህ ጋ!» ካለ በኋላ ደነገጠ። ቦታው ላይ በመስታወት የተለበጠው የልጅቷ የአንደኝነት ሽልማት ወረቀት ተሰቅሏል።

«እሱማ አይነሳም! እንግዳ ሁሉ የሚያነበው እኮ ነው።»

«አንተ የምታስነብበው!» አለች እየሳቀች። ወንበር ላይ ወጥታ ሽልማቱን አወረደችና ፍራሹን ሰቀለች።

ዘፈኑ እንደገና ተከፈተ። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ነገ እንዳትቀር። መኪናውን ግን አታምጣው።»